ጥለው አለፉ፣ ተጥለው ቀሩ

ኳስ የሚወድም የማይወድም የከተማ ልጅ «ጥሎ ማለፍ» የሚለውን ቃል ሳይሰማ አላደገም። በየሠፈሩ ድንጋይ ለግብ ተተክሎ፣ ጨርቅ በካልሲ ተጠቅልሎ ኳስ ሲሰፋ፣ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው «ዙር ነው ወይስ ጥሎ ማለፍ?» የሚለው ነበር። ጥያቄው የልጅ ቢመስልም ልዩነቱ ትልቅ ነው። ዙር ወይም ሊግ እንደ ዕቁብ ነው፤ በየሳምንቱ የጣሉት ተጠራቅሞ አንድ ቀን ይደርሳል። አንድ ሳምንት ቢጎድል በሌላው ይሞላል። ጥሎ ማለፍ ግን መሙያ የለውም። ዛሬ ካልጣሉ ይጣላሉ፤ ነገ የሚባል ቀን የለም። ደካማው ኃያሉን፣ ድኻው ባለጸጋውን አንድ ቀን አግኝቶ የሚጥለውም በዚህ ዓይነቱ ውድድር ነው።

በዓለም ላይ ካሉት አገር አቀፍ የጥሎ ማለፍ ውድድሮች ሁሉ አንጋፋው የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ዋንጫ ነው። ከተጀመረበት ከ1871 አንሥቶ ብዙ ዘመን ተቆጥሯል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከነዚያ ሁሉ የውድድር ዘመኖች አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው የ1882-83ን ነው። በዚያ ዓመት ዋንጫውን የወሰደው ቡድን ዛሬ የለም። ስሙን የሚያውቁትም ጥቂቶች ናቸው። ነገር ግን እግር ኳስ የጌቶች መዝናኛ መሆኑ አብቅቶ የሠራተኛው ሕዝብ ጨዋታ የሆነበትን በር በርግዶ የከፈተው እሱ ነው። በሩን ከከፈተ በኋላ ምን ደረሰበት? ታሪኩን ከሥሩ ብንጀምር ይሻላል።

የጌቶቹ ዋንጫ

ዋንጫው እንዲቋቋም ሐሳብ ያቀረበው የማኅበሩ ጸሐፊ የነበረው ቻርልስ አልኮክ ነው። ሐሳቡን ያገኘው በተማረበት በሃሮው ትምህርት ቤት፣ ተማሪዎች በየማደሪያቸው ተከፍለው ከሚያደርጉት የጥሎ ማለፍ ውድድር ነው ይባላል። በመጀመሪያው ዓመት የተመዘገቡት ክለቦች 15 ብቻ ነበሩ። ዋንጫው ከብር የተሠራ፣ ቁመቱ ግማሽ ሜትር የማይሞላ፣ ዋጋውም 20 ፓውንድ የሆነ ትንሽ ዕቃ ነበር።

ትንሽ ይሁን እንጂ ከጌቶች እጅ ወጥቶ አያውቅም። ከ1872 እስከ 1882 በተደረጉት 11 የፍጻሜ ጨዋታዎች ያሸነፉትን እንቁጠር። ዋንደረርስ የተባለው የለንደን ጌቶች ክለብ 5 ጊዜ፣ ኦልድ ኢቶኒያንስ 2 ጊዜ፣ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ፣ የንጉሣዊ መሐንዲሶች ጦር መኮንኖች፣ ክላፋም ሮቨርስና ኦልድ ካርቱዢያንስ አንድ አንድ ጊዜ። ሁሉም ከደቡብ እንግሊዝ ናቸው። በብዛትም ትልልቅ ትምህርት ቤቶች ያሳደጓቸው፣ እንጀራቸው በኳስ ላይ ያልተንጠለጠለ ሰዎች ነበሩ።

«ኦልድ ኢቶኒያንስ» ማለት የቀድሞ የኢቶን ተማሪዎች ማለት ነው። ኢቶን ንጉሥ ሄንሪ 6ኛ በ1440 ያቋቋሙት፣ የመኳንንትና የጠቅላይ ሚኒስትሮች መፍለቂያ የሆነ ትምህርት ቤት ነው። የቡድኑ አለቃ አርተር ኪናርድ የባላባት ልጅና የባንክ ባለቤት ነበር። ቀይ ጢሙን አንዠርግጎ፣ ረጅም ነጭ ሱሪ ለብሶ ሜዳ የሚገባው ይህ ሰው በሕይወቱ 9 የፍጻሜ ጨዋታዎች ላይ ተሰልፎ 5 ጊዜ አሸንፏል። በ1882 ዋንጫውን ሲወስድ ከደስታው ብዛት በተመልካቹ ፊት በጭንቅላቱ ቆመ እየተባለ ይወራለታል። ኋላም ከ1890 ጀምሮ እስኪሞት ድረስ 33 ዓመት የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሆኗል።

እነዚህ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ጨዋታውን ይወዱታል፤ ሕጉን የጻፉለትም እነሱ ናቸው። ነገር ግን ከጻፏቸው ሕጎች አንዱ ከሌሎቹ ሁሉ ይከብድ ነበር። በኳስ መተዳደር ክልክል ነው ይላል። ተጫዋች ለጉዞ ካወጣው ወጪና በጨዋታው ምክንያት ከቀረበት የሥራ ደመወዝ በላይ አንዲት ሳንቲም ቢቀበል ከውድድሩ ይወጣል። ሐሳቡ ሲታይ ያምራል። ኳስ ለፍቅር እንጂ ለገንዘብ አይሁን የሚል ነው። ለኪናርድ ይህን ሕግ ማክበር ቀላል ነበር፤ ሰኞ ጧት ባንኩ እሱ ባይመጣም ይከፈታል። ሰኞ ጧት በፋብሪካው ደወል ካልተገኘ ሥራው ለሌላ ለሚሰጥበት ሰውስ?

የጥጥ ከተማ

ብላክበርን ሲባል ብዙው የኳስ አፍቃሪ ትዝ የሚለው አላን ሺረርና ብላክበርን ሮቨርስ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ግን ብላክበርን ማለት ጥጥ ማለት ነበር። በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ በላንክሻየር አውራጃ የምትገኘው ይህች ከተማ የጭስ ማውጫዎች እንደ ደን የበቀሉባት የሽመና ከተማ ነበረች። ከለንደን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በኑሮ ሲለካ ግን ርቀቱ ከዚያም ይበልጣል።

በ1878 የጸደይ ወራት የፋብሪካ ባለቤቶች ከሸማኔዎቹ ደመወዝ ከመቶ 10 እንቀንሳለን አሉ። ሠራተኛው ሥራ አቆመ። አድማው ለሳምንታት ዘለቀ። በግንቦት ወር የተቆጣው ሕዝብ ከባለቤቶቹ የአንዱን፣ የኮሎኔል ጃክሰንን መኖሪያ ቤት አቃጠለ። በመጨረሻም ሠራተኛው ተሸንፎ በተቀነሰው ደመወዝ ወደ ሥራው ተመለሰ። ብላክበርን ኦሎምፒክ የተባለው የእግር ኳስ ክለብ የተመሠረተው በዚያው ዓመት፣ አድማው ሊነሣ ጥቂት ሲቀረው፣ በየካቲት ወር ነው። ሁለት ትንንሽ የሠፈር ቡድኖች ተዋሕደው አንድ ሆኑ።

የፋብሪካ ሠራተኛ ለኳስ ጊዜ ከየት አገኘ የሚል አንባቢ ይኖራል። መልሱ ቅዳሜ ነው። በ1850 የወጣው የፋብሪካ ሕግ ሴቶችና ወጣቶች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በ8 ሰዓት ሥራ እንዲያቆሙ አዘዘ። ያለ እነሱ ማሽኑ ስለማይንቀሳቀስ ወንዶቹም አብረው ወጡ። የእንግሊዝ እግር ኳስ እንደ ሰደድ እሳት የተስፋፋው በዚህች ግማሽ ቀን ዕረፍት ነው። ጨዋታ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የመሆኑ ልማድም የተወለደው እዚያ ነው።

ከተማዋ ከኦሎምፒክ በፊት በ1875 የተመሠረተ ሌላ ክለብ ነበራት፤ እሱም ብላክበርን ሮቨርስ ነው። መሥራቾቹ ደህና ትምህርት የቀመሱ፣ ከነጋዴና ከባለፋብሪካ ቤተሰብ የተገኙ ወጣቶች ነበሩ። ሮቨርስ በ1882 ከሰሜን ለፍጻሜ የደረሰ የመጀመሪያው ቡድን ሆኖ በኦልድ ኢቶኒያንስ 1 ለ 0 ተሸነፈ። ከተማዋ አዘነች። በሚቀጥለው ዓመት ግን በቀሉን ይዞ የመጣው ሮቨርስ አልነበረም።

የኦሎምፒክን ተጫዋቾች ሥራ ብንዘረዝር የአንድ ሠፈር ሕዝብ ቆጠራ ይመስላል። ሸማኔዎች አሉ፤ ጥጥ ፈታይ አለ፤ የብረት ሠራተኛ፣ የቧንቧ ሠራተኛ፣ የሥዕል ፍሬም ሠሪ፣ ጸሐፊና የጥርስ ሐኪም ረዳት አሉ። ከሁሉ የበሰለው ጃክ ሃንተር የተባለው የሼፊልድ ሰው ነበር። ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን የተጫወተ፣ ብላክበርን መጥቶ መጠጥ ቤት የያዘ፣ ሜዳ ውስጥ ተከላካይ፣ ከሜዳ ውጭ ደግሞ አሠልጣኝ ነበር።

ወደ ፍጻሜው መንገድ

በ1882-83 የውድድር ዘመን 84 ክለቦች ተመዘገቡ። ዕጣው ለኦሎምፒክ መጀመሪያ የጎረቤት ቡድኖችን አወጣለት። አክሪንግተንን፣ ሎወር ዳርዌንን፣ ዳርዌን ራምብለርስንና ቸርችን ተራ በተራ ጣለ። ቀጥሎ የዌልሱን ድሩይድስን አሸነፈ። በግማሽ ፍጻሜው ማንቸስተር ላይ የጠበቀው ኦልድ ካርቱዢያንስ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ዋንጫውን የወሰደ፣ የቻርተርሃውስ ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች ቡድን ነው። የጨዋታው ውጤት 4 ለ 0 ሆነ። አሸናፊዎቹ ሸማኔዎቹ ነበሩ።

ለፍጻሜው በተደረገው ዝግጅት ሃንተር ያደረገው ነገር በዘመኑ እንግዳ ነበር። ቡድኑን ይዞ ብላክፑል ወደምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ወረደ። እዚያ ለቀናት ተቀምጠው ተለማመዱ። ዛሬ ብሔራዊ ቡድን «ካምፕ ገባ» ሲባል ማንም አይደነቅም። ያን ጊዜ ግን ለኳስ ጨዋታ ተብሎ ሥራ ትቶ፣ ከቤት ወጥቶ መሠልጠን ያልተሰማ ነገር ነበር። ወጪውን ማን ቻለ? ሲድኒ ያትስ የተባለ የከተማው የብረት ማቅለጫ ባለቤት 100 ፓውንድ ሰጠ። የዋንጫው ዋጋ 20 ፓውንድ እንደነበር ያስታውሱ።

የለንደን ጌቶች ያጉረመረሙት በዚህ ነው። ሥራ ትቶ መሠልጠን የጨዋ ሰው ምግባር አይደለም፤ ቅጥረኝነት ነው አሉ። ሚዛኑን ግን እንየው። ኢቶን የሚማር ልጅ ከ13 ዓመቱ ጀምሮ ጥሩ እየበላ፣ በተስተካከለ ሜዳ በየቀኑ ሲጫወት ያድጋል። ይህ «ሥልጠና» አልተባለም፤ አስተዳደግ ተባለ። ሸማኔው በዕድሜው አንድ ጊዜ ለጥቂት ቀናት የባሕር አየር ሲተነፍስ ግን ሕግ የጣሰ መሰለ።

ይህ ነገር ለእኛ አገር አንባቢ እንግዳ አይሆንም። የእኛም ኳስ ለብዙ ዘመን ያደገው በመሥሪያ ቤት ጥላ ሥር ነው። መብራት ኃይል፣ መድን፣ ባንኮች፣ ሙገር ሲሚንቶ የሚሉት ስሞች ራሳቸው ይናገራሉ። በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ደጋግሞ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን የሆነው የድሬዳዋው ጥጥ ማኅበርም፣ ስሙ እንደሚመሰክረው፣ የጥጥ ፋብሪካ ቡድን ነው። መዝገብ ላይ ሠራተኛ፣ ሜዳ ላይ ኳስ ተጫዋች መሆን ምን ማለት እንደሆነ በካምቦሎጆ ወንበር ላይ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። የብላክበርን ሰዎች ከእኛ 80 ዓመት ቀድመው ያንኑ መንገድ ጀመሩት፤ እነሱ ግን ያደረጉት ከሕግ ጋር እየታገሉ ነው።

መጋቢት ወር፣ ለንደን

ቀኑ ቅዳሜ፣ ማርች 31 ቀን 1883 ነው። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 1875 ዓ.ም. መሆኑ ነው። አፄ ዮሐንስ በዙፋናቸው ላይ ናቸው፤ አዲስ አበባ ገና አልተቆረቆረችም። በለንደን ኬኒንግተን ኦቫል በተባለው የክሪኬት ሜዳ 8 ሺህ ያህል ሰው ተሰብስቧል።

ጨዋታው ዛሬ የምናውቀው ዓይነት አልነበረም። ግቡ መረብ የለውም። የፍጹም ቅጣት ምት አልተፈጠረም። ተጫዋች ቢጎዳ ተቀያሪ የለም። የሁለቱ ቡድኖች አጨዋወትም ለየቅል ነበር። ኢቶኒያንስ ኳስን በእግር እየነዱ በግል ችሎታና በጉልበት ወደ ፊት ይገፋሉ። ኦሎምፒኮች ግን ከአንዱ ክንፍ ወደ ሌላው ክንፍ ረጅም ኳስ ይቀባበላሉ። ማሽን ሲሠራ አንዱ ክፍል ለሌላው እንደሚያቀብል ሁሉ እነሱም እንዲያ ነበሩ።

በመጀመሪያው አጋማሽ ሃሪ ጉድሃርት ለኢቶኒያንስ አገባ። ይህ ሰው ኋላ በኤድንበራ ዩኒቨርሲቲ የላቲን ፕሮፌሰር ሆኗል። ከዕረፍት በኋላ ፍሬም ሠሪው አርተር ማቲውስ አቻ አደረገ። ከዚያ ለዳኝነት የሚያስቸግር ነገር ሆነ። ከኢቶኒያንስ ብርቱ አጥቂዎች አንዱ አርተር ደን ተጎድቶ ወጣ። ተቀያሪ ስላልነበረ ጌቶቹ በ10 ሰው ቀሩ። ስለ ኦሎምፒክ ጀግንነት የሚጽፉ ሰዎች ይህን ብዙ ጊዜ ዘለው ያልፉታል። መዝለል ግን አይገባም። ደን ባይጎዳ ውጤቱ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር። ጥሎ ማለፍ እንዲህ ነው፤ ለዕድልም ድርሻ አለው። በሌላ በኩል ግን ያን ሰዓት ሜዳው ላይ የቀረው ሁሉ የሚሮጠው በራሱ ሳንባ ነው። ብላክፑል ያረፈውና የተለማመደው ቡድን ትንፋሹ አልተቆረጠም።

መደበኛው ሰዓት 1 ለ 1 አለቀ። ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው ተጨማሪ ሰዓት ተጫወቱ። ኢቶኒያንስ ደክመዋል። በተጨማሪው ሰዓት ጥጥ ፈታዩ ጂሚ ኮስትሊ ከክንፍ የተሻገረለትን ኳስ አግኝቶ በረኛውን አሸነፈው። 2 ለ 1 ሆነና ጨዋታው አበቃ። የቧንቧ ሠራተኛው አለቃ፣ አልበርት ዋርበርተን፣ የባላባቶቹን ዋንጫ ተቀበለ።

ብላክበርን ልጆቿን በማርሽ ባንድ ተቀበለቻቸው። ዋርበርተን ለሕዝቡ «ይህ ዋንጫ ዳግመኛ ለንደን አይመለስም» የሚል ቃል ተናግሯል እየተባለ ይወራል። ያን ቀን ጉራ መስሎ የተሰማው ነገር እውነት ሊሆን ጥቂት ቀረው። ከለንደን የመጣ ቡድን ዋንጫውን ደግሞ የወሰደው ከ18 ዓመት በኋላ፣ በ1901 ነው፤ እሱም ቶተንሃም ነበር። የቀድሞ ተማሪዎች ቡድን የሚባል ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲያ ለፍጻሜ ደርሶ አያውቅም።

በሩ ተከፈተ፤ ማን ገባ?

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ተረት ይሆን ነበር። እውነተኛ ታሪክ ግን ከድል ማግስት በኋላም ይቀጥላል።

ከኦሎምፒክ ድል በኋላ የሰሜን ክለቦች ሁሉ አንድ ነገር ተረዱ። የተዘጋጀ ቡድን ያሸንፋል፤ ለመዘጋጀት ደግሞ ገንዘብ ያስፈልጋል። በየፋብሪካው ስም ብቻ የሆነ ሥራ እየተሰጠ፣ በጫማ ውስጥ ሳንቲም እየተከተተ፣ ከስኮትላንድ ተጫዋች እየመጣ ስውር ደመወዝ ተስፋፋ። በ1884 አንድ የለንደን ክለብ ፕሬስተን ኖርዝ ኤንድን ከሰሰ። የፕሬስተኑ አለቃ ዊልያም ሱዴል አልካደም። አዎ እንከፍላለን፤ ሌሎችም ይከፍላሉ አለ። ክለቡ ከውድድሩ ተባረረ፤ ጥያቄው ግን አልተባረረም። ክርክሩ ከረረ፤ የሰሜን ክለቦች ተለይተን የራሳችንን ማኅበር እናቋቁማለን እስከ ማለት ደረሱ። በመጨረሻ በጁላይ 1885 ማኅበሩ ለተጫዋች ደመወዝ መክፈልን ፈቀደ። ዋንጫውን ያቋቋመው የሃሮው ልጅ አልኮክ ራሱ መፈቀዱን ከደገፉት አንዱ መሆኑ ሊነገርለት ይገባል።

እንግዲህ ሸማኔው አሸነፈ ማለት ነው? አዎ፤ ሸማኔው አሸነፈ። የሸማኔው ክለብ ግን አላሸነፈም። ደመወዝ በሕግ ከተፈቀደ በኋላ ጥያቄው ማን ይበልጥ ይከፍላል የሚል ሆነ። ኦሎምፒክ ትንሽ ሜዳና ትንሽ ገቢ ያለው ክለብ ነበር። ጎረቤቱ ሮቨርስ ሀብታም ደጋፊዎች ነበሩት። በ1884፣ በ1885 እና በ1886 ዋንጫውን በተከታታይ ወሰደ። ተመልካቹም ወደ እሱ ሄደ። በ1888 የዓለም የመጀመሪያው ሊግ በ12 ክለቦች ሲቋቋም ከአንድ ከተማ አንድ ክለብ ብቻ ተመረጠ። ከብላክበርን የተመረጠው ሮቨርስ ነበር። ኦሎምፒክ ደመወዝ መክፈል አቃተው፤ በ1889 ተዘጋ። ጌቶቹን ከጣለ ገና 6 ዓመቱ ነበር።

ዋንጫውም ከእሱ ብዙ አልቆየም። በ1895 አስቶን ቪላ አሸንፎት በበርሚንግሃም አንድ የጫማና የስፖርት ዕቃ ሱቅ መስኮት ላይ ለዕይታ ተቀምጦ ሳለ ሌሊት ተሰረቀ። እስከ ዛሬም አልተገኘም። ዋርበርተን የተቀበለው ዋንጫም ሆነ የዋርበርተን ክለብ ዛሬ የሉም።

ሮቨርስ ግን አለ። በ1995 የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሲሆን ወጪውን የሸፈነው ጃክ ዎከር የተባለ የብላክበርን ተወላጅ፣ በብረት ንግድ የበለጸገ ሰው ነበር። የብረት ማቅለጫው ባለቤት ያትስ በሰጠው 100 ፓውንድ የተጀመረው መንገድ ከ112 ዓመት በኋላ በዚያችው ከተማ፣ በዚያው በብረት ገንዘብ፣ በሚሊዮኖች ተጠናቀቀ።

ዛሬ በየቴሌቪዥኑ የምናየው ኳስ የገንዘብ ኳስ ነው ብለን ስናማርር፣ ድሮ ንጹሕ እንደነበረ አድርገን እንናገራለን። የ1883ቱ ታሪክ እንዲህ ለማለት አይፈቅድልንም። ያ ንጹሕ ኳስ ድኻውን በር ላይ አስቀርቶ ነበር። ገንዘቡ ሲገባ ድኻው ተጫዋች ገባ፤ የድኻው ክለብ ግን ወጣ። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል አይቻልም።

እኔ ግን የዋንጫ ጨዋታ በመጣ ቁጥር የማስበው ስለዚያ ጥጥ ፈታይ ነው። ቅዳሜ ለንደን ላይ ለባላባት በረኛ ያልተመለሰ ኳስ መታ። ዋንጫው ተሰርቋል፤ ክለቡም ፈርሷል። በመዝገቡ ላይ ግን 2 ለ 1 የሚለው ውጤት እስከ ዛሬ እንደተጻፈ አለ።